የቄሳችን የ2019 ዓ.ም. ተስፋዎች፦ ከመስከረም 3 ንባብ እስከ ዓመቱ ዕቅድ እንዴት እናድርሳቸው?

የጉባኤ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

የተወደዳችሁ በጌታ፣ ሰላም ለሁላችሁ።

ቄሳችን ለአዲሱ ዓመት ለማኅበረ ምእመናናችን ያላቸውን ተስፋ ጽፈው ለሽማግሌዎች ጉባኤ ሰጥተዋል። እሑድ መስከረም 3 ከስብከቱ ጋር ይነበባል። ሰባት ናቸው። በየቤቱ በየቀኑ ቃሉ እንዲነበብና እንዲጸለይ፤ ልጆቻችን የማርቲን ሉተርን ትንሹን ካቴኪዝም (የእምነትን መሠረት በጥያቄና መልስ የሚያስተምረውን መጽሐፍ) ጨርሰው እምነታቸውን በጉባኤ ፊት እንዲያጸኑ፤ የተበተኑት የቤት ኅብረቶች እንዲነሡ፤ የወንጌላዊያችንን ደመወዝ ራሳችን እንድንችል፤ ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ቤተሰቦች በመካከላችን እንደ እንግዳ እንዳይኖሩ፤ የመቃብር ቦታ ጥያቄያችን መልስ እንዲያገኝ፤ የጸሎት ቤቱ ጣራ ከመጪው ክረምት በፊት እንዲጠገን።

ሰባቱም የምንጸልይባቸው ናቸው። የሚያሳስበን ገብሱ ሲደርስና አጨዳው ሲገባ ወረቀቱ መዝገብ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ለመልሳችሁ እንዲረዳ ያለንን ላስቀምጥ። 64 ቤተሰብ ነን፤ ከእነዚህ 20ዎቹ አረጋውያን ብቻ ያሉባቸው ወይም ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ሽማግሌዎች 7 ነን። ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ 23 ልጆች አሉን። ከከተማው ወጣ ብሎ በገበሬዎች መካከል አንድ የስብከት ጣቢያ አለን። ያለፈው ዓመት መደበኛ አሥራትና መባ 312,000 ብር ነበር። የወንጌላዊው ደመወዝ በወር 8,000 ብር ሲሆን ግማሹን የሚሸፍነው ድጋፍ በታኅሣሥ መጨረሻ ያበቃል።

ከየት እንጀምር? ካቴኪዝሙስ ስንት ሳምንት ይፈልጋል? ደመወዙን ሰው ሳናስጨንቅ እንዴት እንቻል? ንባቡስ በምን መልክ ቢቀርብ ይሻላል?

ከፍቼ፣ የዕቅድ ክፍል አገልጋይ

እህቴ፣ ሰባቱን ወደ ሰባት ዕቅድ አትለውጡ። አንዱ በሌላው ውስጥ ስላለ በደንብ ብታዩት ሦስት ሥራ ነው የሚወጣው።

የቤት ንባብና ጸሎት ለብቻው ኮሚቴ አያስፈልገውም። ልጁ ካቴኪዝሙን ለወላጁ ሲያሰማና ቤተሰቡ የኅብረቱን ምንባብ ሲያነብ ያን ጊዜ እየተፈጸመ ነው። የተፈናቀሉት ቤተሰቦች ጉዳይም ከቤት ኅብረት ጋር አንድ ነው። በእሑድ አምልኮ ሰላም ብሎ የሚያልፋቸው ሰው ብዙ ነው፤ ቤቱ የሚያስገባቸው ግን ኅብረት ነው። ስለዚህ ካቴኪዝም፣ የቤት ኅብረትና የወንጌላዊው ደመወዝ ዓመቱን የሚሸከሙ ሦስቱ ይሁኑ። ጣራው በተወሰነ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ለሁለት ሰው ስጡት። የመቃብሩ ነገር ማመልከቻ ነው፤ አንድ ሰው በየወሩ ይከታተለው።

ለሦስቱ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይበቃል። በገጹ ላይ ሥራው፣ ኃላፊው፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ የሚጠይቀው ገንዘብና መፈጸሙ የሚታወቅበት ምልክት ይጻፍ። በኃላፊ ቦታ የአንድ ሰው ስም ይግባ። «የወጣቶች ክፍል» ተብሎ ከተጻፈ ጥር ላይ ማንን እንደምትጠይቁ ይጠፋችኋል።

ቀኖቹን ስትተክሉ የአገሩን ዓመት ተከተሉ። መስከረም 17 መስቀል ዘንድሮ እሑድ ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው ዘመድ ጋ ይሄዳል፤ በዚያ ሳምንት አዲስ ነገር አታስጀምሩ። ጥሩው መነሻ እሑድ ጥቅምት 1 ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ በስብከት ጣቢያው ከአምልኮ ሌላ ምንም አትጨምሩ። ጥርና የካቲት ሠርግ ስለሚበዛ ቅዳሜን ለስብሰባ አትመኑበት። ዐቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 29 ይገባል፤ የግማሽ ዓመቱን ሪፖርት ከዚያ በፊት እሑድ የካቲት 21 ለጉባኤው አቅርቡ። ትንሣኤ ሚያዝያ 24፣ ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጣቢያው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ከሰኔ በኋላ የሚፈጸም ነገር ቃል አትግቡ።

ስለ ጣራው ደግሞ ዛሬ የሚሠራ ነገር አለ። ዝናቡ ሳያባራ ጠመኔ ይዛችሁ ከውስጥ እያያችሁ የሚያፈስበትን ቦታ በማገሩ ላይ ምልክት አድርጉ። በጋ ላይ ቀዳዳው አይገኝም፤ ገምቶ መጠገን ደግሞ ቆርቆሮ ማባከን ነው። አብዛኛው የሚያፈሰው ከሚስማሩ ሥር ጎማው ደርቆ ሲሰነጠቅና ቆርቆሮዎቹ በሚደራረቡበት ነው። ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ ነው። በሸለቆው ከተመታ ውሃው የሚሄደው በዚያው ነውና አዲስ ጎማም አያድነውም። ላይና ታች ሲደራረብ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ሥራውን ጥቅምት ላይ ጨርሱት።

የካቴኪዝም መምህርት፣ ደብረ ሲና

ሰላም እህቴ። ስለ ሁለተኛው ተስፋ ልጻፍ።

ትንሹ ካቴኪዝም ስድስት ክፍል አለው፤ አሥርቱ ትእዛዛት፣ የእምነት መግለጫ፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀት፣ ኑዛዜ፣ የጌታ እራት። ለአሥርቱ ትእዛዛት 10 ሳምንት፣ ለእምነት መግለጫው 4፣ ለጌታ ጸሎት 6፣ ለጥምቀት 3፣ ለኑዛዜ 2፣ ለጌታ እራት 3፣ ለክለሳ 2 ስጡ፤ 30 ይሆናል። ከጥቅምት 1 እስከ ሰኔ 6 ድረስ 36 እሑዶች አሉ። ስድስቱን በእጃችሁ ያዙ፤ ሁለቱ ለውቂያ፣ ሁለቱ ለሆሳዕናና ለትንሣኤ፣ የቀሩት ሁለቱ መንገድ ለሚዘጋበት ወይም ለቅሶ ለሚውልበት ቀን። እምነታቸውን የሚያጸኑት በጰራቅሊጦስ ይሁን። ሰኔ የፈተና ወር ስለሆነ አዲስ ትምህርት በግንቦት ይለቅ፤ ለሰኔ ክለሳው ብቻ ይቅር።

23 ልጅ በአንድ ክፍል አይሆንም። ለ12 እና ለ11 ክፈሏቸው። በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በማንበብ ችሎታም እዩ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ባለፈው የተማሩትን ለማሰማት 10 ደቂቃ፣ ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኩ 15፣ ለካቴኪዝሙ ቃልና «ይህ ምን ማለት ነው?» ለሚለው ጥያቄ 20፣ በቤትና በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚኖሩት ለመነጋገር 10፣ ለጸሎት 5። በየክፍሉ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሰዓቱን በሙሉ ከሰሌዳ ማስገልበጥ ነው። ልጁ ደብተሩን ይሞላል፣ ቃሉ ግን አፉ ላይ የለም።

አሁን ልብ የምትሏቸው ነገሮች።

የትእዛዛቱ ቁጥር ያምታታል። በሉተር አቆጣጠር «አባትህንና እናትህን አክብር» አራተኛው ነው፤ መመኘትን የሚከለክለው ደግሞ ዘጠነኛና አሥረኛ ሆኖ ይከፈላል። ከሌሎች ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ልጆች የተቀረጸውን ምስል ሁለተኛ አድርገው ስለሚቆጥሩ ለእነሱ ወላጆችን ማክበር አምስተኛ ነው። ቃሉ አንድ እንደሆነና የሚለያየው አከፋፈሉ ብቻ እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። አለዚያ ልጆቹ እርስ በርስ «ተሳስተሃል» ሲባባሉ ይከርማሉ።

የእምነት መግለጫውም እንደዚሁ ነው። ትንሹ ካቴኪዝም የሚያብራራው የሐዋርያትን የእምነት መግለጫ ነው። ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ቤቱ የሚሰማው ጸሎተ ሃይማኖት ግን የኒቅያው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቡላቸው፤ አያቱ የምትጸልየው ቃልና እሱ የሚማረው አንድ አምላክ እንደሚመሰክሩ ያያል። «አቡነ ዘበሰማያት»ንም በግዕዝ የሚያውቁ ልጆች አሉ። እንዲያሰሙ ጠይቋቸው፣ ከዚያ በአማርኛው ቀጥሉ።

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። አንዳንዱ ከጌታ ጸሎት መጀመር ይቀላል ይላል። ሉተር ግን በሕመምተኛ መስሎ አስረድቶታል፤ ትእዛዛቱ በሽታውን ያሳያሉ፣ የእምነት መግለጫው መድኃኒቱ የት እንዳለ ይናገራል፣ ጸሎቱ እንዴት ለምኖ እንደሚቀበል ያስተምራል። መሠረቱ ይህ ስለሆነ ልጁ ለምን እንደሚጸልይ ሳያውቅ ጸሎት አይጀምርም።

ለቤቱ ደግሞ አንድ ቅጠል ወረቀት አዘጋጁ፤ 30 ሳጥን ያለው። ልጁ ለወላጁ ሲያሰማ ወላጁ ይፈርማል፤ ማንበብ የማይችል አያት ቢሆን የጣት አሻራ ይበቃል። ሉተር በ1529 (እ.ኤ.አ.) ይህን መጽሐፍ ሲጽፍ ለየክፍሉ የሰጠው ርእስ የቤቱ ኃላፊ ለቤተሰቡ በቀላሉ እንዴት እንደሚያስተምር የሚል ነው። መጽሐፉ ከመጀመሪያውም የተጻፈው ለቤት ነበር። ወላጆቹ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ካልሆኑ ልጁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው።

የጉባኤ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ ጌታ ይባርክሽ፤ የሁለቱን የእምነት መግለጫዎች ነገር አላሰብነውም ነበር። የቃል ጥናቱ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የ30ውንም ሳምንት ትምህርት በቃሉ ያልያዘ ልጅ ሰኔ 13 ይቀር?

የካቴኪዝም መምህርት፣ ደብረ ሲና

አይቀርም። በቃል የሚጠየቀው የትእዛዛቱ፣ የእምነት መግለጫውና የጌታ ጸሎት ቃል ነው። ማብራሪያውን በራሱ አባባል ከተናገረ ይበቃል። ለምሳሌ የትእዛዛቱ ማብራሪያ ሁሉ እግዚአብሔርን በመፍራትና በመውደድ እንደሚጀምር ካወቀ፣ ሌላውን በአምስተኛው ትእዛዝ ለጎረቤቱ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት። የሚፈራ ልጅ ካለ ቄሱ ለብቻው በጓዳ ይስሙት። በጉባኤ ፊት የሚደረገው ጥያቄና መልስ ፈተና መሆን የለበትም፤ በጥምቀት ለተቀበለው ቃል ኪዳን የራሱ አፍ አሜን የሚልበት ነው። ሦስቱን ዋና ክፍሎች ያልያዘ ካለ ግን ክረምቱን አስተምሩትና በሚቀጥለው ዓመት ይጽና።

ገንዘብ ያዥ፣ ሸኖ

ወደ ደመወዙ እንምጣ። ቁጥሩ ከሚያስፈራችሁ ያነሰ ነው።

ድጋፉ ከቆመ በኋላ ከጥር እስከ ነሐሴ ያለው 8 ወር ነው። በወር 4,000 ሲጎድል 32,000 ብር ይሆናል። ለ64 ቤተሰብ ቢካፈል በወር 62 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ነገር ግን እንዲህ አታካፍሉ። 20ዎቹን ከስሌቱ አውጡ፤ የሚሰጡት ካለ በደስታ ተቀበሉ እንጂ አትቁጠሩባቸው። በ44 ቤተሰብ ሲሆን በወር ወደ 91 ብር ይመጣል። ወንጌላዊው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከተመዘገበ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ፣ በወር 880 ብር፣ በበጀቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው፤ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

በጀቱን ስታወጡ ከ312,000ው ላይ ለአንድ ጊዜ የተሰጡ ስጦታዎች መቀነሳቸውን እዩ። ከዚያ በየወሩ ዘርዝሩት። ለ12 አካፍሎ 26,000 ማለት አያዋጣም፤ በእኛ አገር ገቢው ከውቂያ በኋላ ከፍ ይላል፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝቅ ይላል። ደመወዝ ግን በየወሩ እኩል ነው። ስለዚህ ከጥር እስከ መጋቢት ከሚተርፈው ላይ የሁለት ወር ደመወዝ፣ 16,000 ብር፣ ለክረምት ለይታችሁ አስቀምጡ። ለጣራ ማበደር እንኳ አይፈቀድበት።

ቃል የመግቢያ ወረቀት የምትሰጡ ከሆነ በስብከት ሙቀት ውስጥ አታስሞሉ። ወረቀቱ በአንዱ እሑድ ይሰጥ፣ ቤተሰቡ ተነጋግሮበት በሚቀጥለው ይመልስ። ቃል የተገባውንም ሙሉውን በጀት ውስጥ አታስገቡ፤ መታመም፣ ሥራ ማጣት፣ መኸር መክሸፍ አለና እኔ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የማስገባው። የማንንም ስምና መጠን በጉባኤ አታንብቡ። አጠቃላዩን በየሦስት ወሩ ለጥፉ።

አያያዙ ላይ ጥብቅ ሁኑ። መባውን ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች በጸሎት ቤቱ ውስጥ ይቁጠሩት፣ በቆጠራ ወረቀት ላይ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሰኞ ወደ ባንክ ይግባ። ከቆጠራ በፊት ከሳጥኑ ለምንም ነገር አይወጣ፤ ለቡናም ቢሆን። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ የተበላሸው ከግንዱ ጋር ይቀመጥ። የባንክ ፈራሚ ሦስት ይሁኑ፣ ለወጪ ሁለት ፊርማ ይበቃል። በስልክ ለሚልኩ ሰዎች የሚሰጠው ቁጥር በማኅበረ ምእመናኑ ስም የተከፈተ እንጂ የማንም ሰው የግል አካውንት አይሁን። ሰውየው የታመነ ቢሆንም እንኳ ሲታመም ወይም ሲዛወር ገንዘቡ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል።

የስብከት ጣቢያው ገበሬዎች እህል ካመጡ በኪሎ መዝኑ፣ ቀኑንና የሰጪውን ስም መዝግቡ፣ ደረሰኝ ስጡ። ጥር ላይ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ደረቅ መጋዘን ካላችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡ፤ ጆንያው መሬቱንና ግድግዳውን ከነካ ይሻግታል። ቦታ ከሌላችሁ ግን ወዲያው ሽጡ። ከሻገተ እህል ምንም አይገኝም፤ የሰጪውም ልብ ይሰበራል።

ከሸዋ ሮቢት፣ የቤት ኅብረት አስተባባሪ

64 ቤተሰብና 7 ሽማግሌ ካላችሁ ነገሩ ግማሽ አልቋል። ሰባት ኅብረት፣ በእያንዳንዱ 9 ቤተሰብ፣ በአንዱ ብቻ 10። አንድ ሽማግሌ አንድ ኅብረት ይጠብቅ፤ የሚመራው ግን እሱ መሆን የለበትም። መሪው ሌላ ሰው ሲሆን ሽማግሌው የቀረውን፣ የታመመውን፣ ያኮረፈውን ለማየት ጊዜ ያገኛል።

ስትከፋፍሉ በሰፈር ክፈሉ እንጂ በወዳጅነት አትክፈሉ። ተፈናቅለው የመጡትን አንድ ላይ አታድርጓቸው፤ በየኅብረቱ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ይደልደሉ። የራሳቸው ቋንቋና መዝሙር ካላቸው በወር አንድ ቀን ለብቻቸው ቢሰበሰቡ መልካም ነው፤ ሳምንታዊው ግን ከሁሉም ጋር ይሁን። ዲያቆናቱ ለየቤቱ ማን ምን ሙያ እንዳለው ጭምር ይመዝግቡ። አናጢው፣ ሸማኔው፣ መምህሩ በእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ሲገኝ አንገቱን ይደፋል።

እኛ ቆላ ስለሆንን ማታ እንገናኛለን። ደብረ ብርሃን ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ውርጭ ታውቁታላችሁ፤ ማታ 1 ሰዓት ብትሉ ሽማግሌዎችና ሕፃን ያላቸው እናቶች አይመጡም። እሑድ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሻላል። ለመዝሙር 10 ደቂቃ፣ የእሑዱን ምንባብ እንደገና አንብቦ ለመነጋገር 30፣ የጸሎት ርእስ ለመስማትና ለመጸለይ 20። አዲስ መጽሐፍ አትግዙ። ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፤ ቃሉ ስለ እግዚአብሔር ምን ይላል፣ ስለ እኛ ምን ይላል፣ በዚህ ሳምንት ለማን ምን እናድርግ።

ኅብረት የሚፈርስበት ዋናው ምክንያት መስተንግዶ ነው። የመጀመሪያው ቤት ቡናና ቆሎ ያቀርባል፣ ሁለተኛው ዳቦ ይጨምራል፣ አራተኛው ወጥ ይሠራል፣ ስድስተኛው አቅም ስለሌለው ተራው ሲደርስ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቀን ወስኑ፤ ቡና ብቻ ወይም ሻይ ብቻ። ባለቤቷ ልጨምር ብትልም መሪው በትሕትና ይከልክላት።

ባልና ሚስት ሃይማኖታቸው የሚለያይባቸው ቤቶች አሉ። እዚያ ከሄዳችሁ በጾም የፍስክ ነገር ይዛችሁ አትግቡ፣ ድምፅ ማጉያ አትጠቀሙ፣ ስለ ሌላው እምነት አትከራከሩ። ምእመናኑም ከሰፈር እድራቸው አይውጡ። ለቅሶ ቤት የማይቀመጥ ሰው ለራሱ ቀን ሲመጣ ብቻውን ይቆማል።

የመቃብሩን ማመልከቻ ብቻችሁን ከምታስገቡ በከተማው ካሉት ሌሎች ወንጌላውያን ጋር በጋራ አስገቡ። የሕጋዊነት ማስረጃ፣ የአባላት ቁጥርና የሚፈለገው ቦታ ስፋት ይያያዝ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ግልባጭ ላይ አስፍሩ። ሰው እስኪሞት አትጠብቁ፤ አስከሬን ተይዞ የሚደረግ ክርክር ቤተሰቡንም ጎረቤቱንም ያቆስላል።

ጡረታ የወጡ ቄስ፣ አንኮበር

ልጆቼ፣ መልካም ምክር ሰጥታችኋል። የፍቼው ወንድማችን ሰባቱን ወደ ሦስት ማጠፉ ለዕቅድ ትክክል ነው። ለንባቡ ግን ሰባቱም ይነበቡ፤ የቄሱ ልብ ያረፈበት ነውና። ዕቅዱ ለጉባኤው ስብሰባ ይቆይ፣ መስከረም 3 ተስፋው በጸሎት መልክ ይቅረብ።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅበት አለ። ተስፋ በመድረክ ላይ ሲነበብ በቀላሉ ሕግ ይሆናል። «ዘንድሮ ማንበብ አለባችሁ፣ መስጠት አለባችሁ፣ መምጣት አለባችሁ» የሚል ስብከት ሰሚውን ወይ ያኮራዋል ወይ ያስቆርጠዋል። ሕግና ወንጌልን ለዩ። እያንዳንዱ ተስፋ እግዚአብሔር አስቀድሞ ከሰጠው ይነሣ። «ቃሉን ሰጥቶናልና በቤታችን ይሰማ፤ በጥምቀት የራሱ አድርጎናልና ልጆቻችን ያንን ይወቁ፤ እንግዶች ሳለን ተቀብሎናልና የመጡትን እንቀበል።» ከየአንዳንዱ በኋላ ጉባኤው «ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ» ይበል። ሰባቱ እንዲህ ሲነበቡ ከ8 ደቂቃ አያልፉም።

2019 ዘመነ ሉቃስ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ዓመቱን በዚህ ስም ስለሚጠሩት ስብከቱን በሉቃስ ወንጌል ብታደርጉት ለሁሉም ይገባል። ዓመቱ 52 እሑዶች አሉት፣ ወንጌሉ 24 ምዕራፍ ነው፤ ይበቃል። መስከረም 3 ኢየሱስ በናዝሬት የተወደደውን የጌታን ዓመት ያወጀበትን ምዕራፍ 4 ከቁጥር 16 እስከ 21 ስበኩ። ከገና በፊት ያሉት አራት እሑዶች ታኅሣሥ 4፣ 11፣ 18 እና 25 ናቸው፤ ምዕራፍ 1ም አራት ትዕይንት አለው፤ ዘካርያስ በቤተ መቅደስ፣ ብሥራት ለማርያም፣ ማርያምና ኤልሳቤጥ፣ የዮሐንስ ልደት። ገና ሐሙስ ይውላል፤ ምዕራፍ 2። ጥር 2 ስምዖንና ሐና። ጎተራው ሲሞላ፣ በጥር መጨረሻ፣ ምዕራፍ 12 ላይ ጎተራውን ሊያሰፋ ያሰበውን ባለጠጋ አንብቡ፤ የገንዘብ ያዡን ወረቀት ግን በዚያ ቀን አትስጡ፣ ቃሉ የገንዘብ መሰብሰቢያ ይመስላል። ከየካቲት 28 እስከ ሚያዝያ 10 ያሉት ሰባት እሑዶች ወደ ኢየሩሳሌም የሚደረገው ጉዞ ይሁኑ፤ ደጉ ሳምራዊ፣ የጸሎት ትምህርት፣ ፍሬ ያጣችው በለስ፣ የጠፋው ልጅ፣ አልዓዛርና ባለጠጋው፣ ፈሪሳዊውና ቀራጩ፣ ዘኬዎስ። በለሲቱን የሚንከባከበው ሰው ባለቤቱ አንድ ዓመት እንዲታገሣት ሲለምን ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፋንድያ ሊያፈስባት ነው። ፋንድያው ኩበት ሆኖ በሚነድበት በእኛ ደጋ ይህ ምን ያህል መስጠት እንደሆነ ገበሬው ከሰባኪው በላይ ይረዳዋል። ሚያዝያ 24 ምዕራፍ 24፤ ሰኔ 13 የዚያው ጸሐፊ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2።

የተሐድሶን (ሉተር የጀመረውን የቤተ ክርስቲያን መታደስ) መታሰቢያ ጥቅምት 22 ስታከብሩ የኦርቶዶክስ ዘመዶቻችሁን ጥሩ። በዚያ ቀን በማንም ላይ ድል አይነገር። በ1534 (እ.ኤ.አ.) ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ስለ እምነት እንደተወያየና ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ እንደጻፈለት ንገሯቸው። የእኛዋ አንኮበርም በ1839 (እ.ኤ.አ.) በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀርመናዊውን ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ተቀብላለች፤ እስከ 1842 በሸዋ ቆይቷል። ይህን የምለው ንግግሩ በዚህ አገር ከጀመረ መቆየቱን ልጆቹ እንዲያውቁ ነው።

የጉባኤ ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

አባታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን። የሽማግሌዎች ጉባኤ በጳጉሜ 3 ይሰበሰባል፤ ሦስቱን ገጾች ይዤ እገባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከ23ቱ ልጆች አራቱ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ተጠምቀዋል ይባላል፤ የጥምቀት ምስክር ወረቀታቸው ግን ከቤታቸው ጋር ጠፍቷል። እንደገና ይጠመቁ የሚሉ አሉ። እምነታቸውን ማጽናት ይችላሉ?

ጡረታ የወጡ ቄስ፣ አንኮበር

ልጄ፣ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውሃ የተጠመቀ ሰው እንደገና አይጠመቅም። ወረቀቱ ተቃጠለ እንጂ ጥምቀቱ አልተቃጠለም። እንዲህ አድርጉ። ወላጅ ወይም ክርስትና አባትና እናት ካሉ፣ ከሌሉም በጊዜው የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ በቄሱና በአንድ ሽማግሌ ፊት ይመስክሩ። የልጁ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የተጠመቀበት አገርና ቤተ ክርስቲያን፣ በግምትም ቢሆን ዓመቱ፣ የምስክሮቹ ስምና ፊርማ በጥምቀት መዝገባችሁ ላይ ይጻፍ፤ «በምስክር የተመዘገበ» ተብሎ ይታወቅ። ከዚያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጡት። የቀድሞው ማኅበረ ምእመናን አሁንም ካለ በሲኖዶሱ በኩል ደብዳቤ ጻፉ፤ መዝገቡ ተርፎ ሊሆን ይችላል።

አንድም ምስክር ያልተገኘለትና መጠመቁን ማንም የማያውቅለት ልጅ ካለ ግን ቄሱ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግረው ያጥምቁት። ይህንንም ከመጋቢት በፊት ጨርሱት፤ ስለ ጥምቀት የሚማሩባቸው ሦስት ሳምንታት ሲደርሱ አራቱም ልጆች ስማቸው በመዝገቡ ላይ እንዳለ አይተው ይቀመጡ።